ለሚስ ሎሬታ እናት ሽማግሌ የሄድኩበት ሳምንት

ከአሜሪካ በተመለስኩ ማግስት፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነው ጎረቤቶቼ ቤቱን የሞሉት። «አሜሪካ እንዴት ነው?» ይሉኛል። አሜሪካ ትልቅ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን አንድ መንገድ፣ አንድ አሮጌ ሕንጻና አንድ የዳንስ አዳራሽ ነው። ሎስ አንጀለስ ሃያ ቀን ቆይቻለሁ። የሚወራለት የመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ እሱን በየቀኑ እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስህተት ታገኙበት ይሆናል፣ ውሸት ግን የለበትም።

ሰኞ

ከድሬዳዋ በጠዋቱ በረራ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ የደቻቱን ወንዝ አየሁት። ዝናብ ስላልነበረ ውሃ የለውም፤ ነጭ አሸዋው በከተማው መሀል ተጋድሟል፤ ግመሎች ተራ ይዘው ይሻገሩታል። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ስሻገረው እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ እስከ ማታ መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፣ ብርድ አልችልም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አልብሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ልሳፈር ስል መጥታ ወሰደችው። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ ይቆጨኛል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሌሊትና ቀን ተደባለቀብኝ። እተኛለሁ፣ እነቃለሁ። ስነቃ ደመና ነው፤ ስተኛ የድሬው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ናቸው። አንድ ጊዜ በመስኮት ሳይ ከታች በረዶ ብቻ ነበር፣ ማለቂያ የሌለው፣ ሮዝ ቀለም ያለው። አጠገቤ የነበረውን ጎልማሳ «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እኔም አላውቅም እናቴ» አለኝ። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየነው።

ማክሰኞ

ሎስ አንጀለስ ስገባ መጀመሪያ የተጣላሁት ከፈታሹ ጋር ነው። ለልጅ ልጄ ለሜላት ከጓሮዬ ዘይቱና ለቅሜ ይዤ ነበር። ፍራፍሬ አይገባም አለ፣ በአስተርጓሚ።

«ለምን?»

«ተባይ ሊኖረው ይችላል።»

«ከፊቴ የገባው ሰውዬ ውሻ ይዞ ነው የገባው። ውሻው ተባይ የለበትም?»

አስተርጓሚዋ ይህንን የተረጎመችው አልመሰለኝም። እኔም ተባይ እንደሌለው እንዲያይ ብዬ አንዱን ዘይቱና እዚያው ፊቱ ቆሜ በላሁት። ያን ጊዜ ፈታሹ ሳቀ። የቀረውን ግን ወሰደው።

ሜላት በመኪናዋ ተቀበለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እኔን በሁለት ጭንቅላት ይበልጣል። እናቷ፣ ልጄ ሰናይት፣ በርባንክ በሚባል ቦታ ሥራ ላይ ነበረች። መንገዱ ሰፊ ነው፤ መኪናው ግን እንደ ቀፊራ ገበያ ይጋፋል። ልዩነቱ የሚሳደብ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ሁሉም መስታወቱን ዘግቶ ብቻውን ይናደዳል። ካልቨር ሲቲ ጋ ስንደርስ ከድልድይ በታች በሲሚንቶ የተለበጠ ደረቅ ነገር አየሁ፤ በመሀሉ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ አለው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወንዝ ነው እማማ። ማለቴ፣ ሲዘንብ ወንዝ ይሆናል።»

ደቻቱን ሲሚንቶ አልብሰው እዚህ ያስተኙት መሰለኝ።

ሰናይትና ሜላት የሚኖሩት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ነው። መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል አሉኝ። በሮቹ ከላይ ክብ ናቸው፤ የደረጃው ሸክላ አበባ አለበት። የድሬ የግሪኮችና የአርመኖች ቤቶች ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል። ምድር ቤቱ በር ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ፀጉሯ ነጭና አጭር፣ ከንፈሯን ቀይ ተቀብታለች። ገና ከመኪና ስወርድ አንድ ነገር ተናገረች። ሜላት ሳቀች።

«ፖሊስ ፊት ፍሬ የበላሽው አያት አንቺ ነሽ ወይ? ትላለች። መንገድ ላይ ቴክስት አድርጌላት ነበር።»

ሚስ ሎሬታን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። ዕድሜዋ ሰማንያ ሰባት ነው። ከበሩ ውስጥ የታሰሩ ካርቶኖች ይታያሉ። እሑድ ልጇ መጥቶ ቴክሳስ ሊወስዳት ነው፤ ለምን እንደምትሄድ በሜላት አስተርጓሚነት ስጠይቅ «መግቢያው ደረጃ የለውም የልጄ ቤት» አለች፣ ሌላ ምክንያት ሳትጨምር።

ረቡዕ

ሰናይት ሳይነጋ ወደ ሥራ ሄደች። ለምሳ ሚስ ሎሬታ ጠራችን። ጾም መሆኑን ሜላት ነግራት ኖሮ ጎመኑን ያለ ሥጋ ሠርታዋለች። እንዲህ ያለውን ጎመን ያለ ሥጋ ስትሠራ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ጎመኑ የእኛው ጎመን ነው፣ ቅጠሉም ጣዕሙም። ከባቄላና ከሩዝ ጋር አቀረበችው። የበቆሎ ዳቦም ነበር፤ ወተት አለበት ብላ ለሜላት ብቻ ሰጠቻት። ከእኔ አገር ይህን ያህል ርቃ ጾሜን የጠበቀችልኝ ሴት ናት።

ከምሳ በኋላ ካልታሸገ አንድ ካርቶን ውስጥ ፎቶ አወጣች። እናቷ ናት፣ ኦፓል። ፎቶው ላይ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ቀሚሷ ጉልበቷ ጋ ያበቃል፤ ጫፉ ሁሉ ዘርፍ ነው። ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ተቆርጣለች፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ነው። ሚስ ሎሬታ የሙዚቃ ሸክላ አጫወተች። ጥሩምባው ይጀምራል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ከበሮው ሁለቱንም ያባርራቸዋል። መጋረጃው ነፋስ ይዞ ያብጣል፣ ይተነፍሳል። ፎቶውን እንደያዝኩ ያቺ በአየር ላይ ያለች እግር ልታርፍ የተቃረበች መሰለኝ፤ እስክታርፍ ጠበቅሁ።

ሚስ ሎሬታ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የነበረውን ዘመን እናቷ እንደነገረቻት ነገረችን። ኦፓል ከቴክሳስ በባቡር መጣች፣ መንገዱን ሁሉ ያለ መኝታ ተቀምጣ። ቀን የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ማታ ትደንሳለች። ያኔ ሴቱ ሁሉ ቀሚሱን ያሳጠረበት፣ ፀጉሩን የቆረጠበት፣ ሲኒማው ድምፅ ሳይኖረው ሰው ተሰልፎ የሚገባበት ጊዜ ነው። መንግሥት መጠጥ ከልክሏል።

«ታዲያ ሳይጠጡ ነው የሚደንሱት?»

«በቡና ስኒ ነበር የሚጠጡት» አለች። «ፖሊሱም ስኒ ነበረው።»

ይሄ አልከበደኝም። እኔም በጉብዝናዬ ከጠረፍ ከደወሌ በባቡር ስመጣ አምስት የኮንትሮባንድ ቀሚስ ደርቤ የጉምሩኩ ፊናንስ ፊት አልፌያለሁ፤ አንዱ ፊናንስ «ወፍረሻል» ብሎኝ ለሚስቱ አንዱን ቀሚስ ወስዷል። ስነግራት ሚስ ሎሬታ እስክታስላት ሳቀች።

ከዚያ የመጣው ግን አያስቅም። ኦፓል በምትደንስበት አዳራሽ ያኔ ሙዚቀኞቹና ዳንሰኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ተመልካቹ ነጭ ብቻ ነው። ጥቁር በፊት በር አይገባም፤ እዚያው የሚሠራውም በወጥ ቤት በኩል ነው የሚገባው። አዳራሹ ብዙ ዘመን ተዘግቶ ኖሮ አሁን ታድሷል። ቅዳሜ በዚያ ዘመን ልብስና ሙዚቃ ሊመረቅ ነው። ግድግዳው ላይ የድሮ ትልቅ ፎቶ ሰቅለዋል፣ ኦፓልም አለችበት። ለባለቤቱ፣ ለባንዱ መሪ፣ ለእንግዶቹ ሁሉ ስም ተጽፎላቸዋል። ለእሷ «አንዲት ዳንሰኛ» ብቻ ተብሏል።

ሚስ ሎሬታ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋለች። ማስረጃ አምጪ አሏት። የእናቷ ስም ሳይጻፍ እዚያ አዳራሽ እግሯን እንደማታስገባ ምላለች። እሑድ ደግሞ ትሄዳለች።

እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ከዚራ አንድ ነጋዴ ቤት ስታጥብ ኖራለች። ቤተሰቡ በሩ ላይ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ውሻው እንኳ አለበት። እናቴ የለችበትም።

«ሽማግሌ ልከሻል?» አልኳት።

ሜላት እንዴት እንደምትተረጉመው ተቸገረች፤ ብዙ አወራች። ሚስ ሎሬታ መጨረሻ ላይ «ሰማንያ ሰባት ዓመቴ ነው። የእኔ ሽማግሌዎች ሁሉ ሞተዋል» አለች።

ሐሙስ

ሜላት ፌርፋክስ ወሰደችኝ። አንድ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ የእኛ ምግብ ቤቶች፣ የእኛ ሱቆች፣ በአማርኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች። በመሀላቸው ረጃጅም ዘንባባዎች አሉ፤ ጥላቸው እንደ ስልክ እንጨት ጥላ የቀጠነ ስለሆነ አንድ ሰው እንኳ አያስጠልልም። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ ማንም አይተክልም።

የገባንበት ምግብ ቤት ባለቤት ጋሼ ጌታቸው ይባላል። ብዙ ዘመን ታክሲ ነድቶ ነው ቤቱን የከፈተው። ከእሱ ጋር ሁልጊዜ ምሳ የሚበላ ጋሼ ዳንኤል የሚባል የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ አለ፤ ጌታቸው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው። በየቀኑ ይከራከራሉ አሉኝ፤ አንዱ ከቀረ ግን ሌላው ምሳ አይወርድለትም።

ሜላት «ጋሼ ጌታቸው፣ ፓርኪንጉ ፉል ነው፣ መኪናህን ሙቭ አድርግልኝ» አለችው።

«አያት፣ እትዬ ዘነበች» አለኝ። «አስተምሪያት እንጂ። በዚህ ዕድሜዬ አንተ ትለኛለች።»

«ድሬ ላይ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው። ከእሱ ትበልጣለህ?»

ዳንኤል ሽሮው ትን አለው።

ነገሩን ነገርኳቸው። ጌታቸው «አሜሪካ ሽማግሌ አያውቅም። እዚህ ሎየር፣ ጠበቃ ነው የሚላከው» አለ።

«ሎየር ይቀመጣል?»

«አዎ፣ ይቀመጣል።»

«እኛ አንቀመጥም። ልዩነቱ እሱ ነው።»

ዳንኤል ትንሽ አሰበና «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ጌታቸውም ወዲያው «እሱ ብቻውን ከሄደ ያበላሸዋል» ብሎ ገባበት። ሦስት ሆንን።

ከሰዓት በኋላ ሜላት አዳራሹን አሳየችኝ። ጣሪያው ሰማያዊ ነው፣ ኮከብ ተስሎበታል። በግድግዳው ዙሪያ የግብፅ ነገሥታት ወደ ጎን እያዩ ይሄዳሉ፤ በዚያ ዘመን የግብፅ ነገር ፋሽን ነበር አሉ። ወለሉ የተወለወለ እንጨት ነው፤ እግር ሳነሳ ከታች የሚያነሳኝ ያለ ይመስላል። ማንም የለም፤ ግን ቅድም ሰው ጨፍሮ የወጣበት ቤት ይመስል አየሩ ሞቅ ብሏል። ኦፓልን ከፎቶው ጠርዝ ላይ አገኘኋት። ሁሉም ወደ ካሜራው ያያል፤ እሷ የምታየው እግሯን ነው።

ዓርብ

ረፋዱ ላይ ሄድን። ጌታቸው ከረባት አስሯል፣ ዳንኤል ኮፍያውን በእጁ ይዟል፣ እኔ የአገር ልብሴን ለብሻለሁ። የአዳራሹ ኃላፊ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሁት ሰው ነው። ቢሮው አስገባንና «ተቀመጡ» አለ።

«አንቀመጥም» አልኩ።

ወንበሩ ያልተመቸን መስሎት ትራስ ያለው አስመጣ። ውሃ አስቀዳልን፤ አልነካንም።

ሜላት «እማማ፣ ፕሮቴስት መስሎታል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለሰላም ነው የመጣነው በይው። ቃላችን ሳይሰማ ግን አንቀመጥም።»

ጌታቸው ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር ጀመረ። ስለ ኢትዮጵያና ስለ አሜሪካ ወዳጅነት፣ ስለ ሰው ልጅ አንድነት ዘረዘረ። ዳንኤል ታገሠ፣ ታገሠና «ጌታቸው፣ ሚስት ልትጠይቅ አልመጣህም» አለው። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። በግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ኦፓል ትባላለች፤ ስሟን ጻፉላት አልኩ። ሚስ ሎሬታ ያሳየችንን የኦፓልን ፎቶ ሜላት በስልኳ አንስታው ስለነበር አሳየችው።

ሰውዬው ስልኩን አቅርቦ አየ። ቆየ። «ልክ እሷን ትመስላለች» አለ። «ግን የሌሎቹን ስም ያገኘነው ከዘመኑ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው እሷን አይጠቅሳትም።»

«ጋዜጣው የትልልቆቹን ብቻ ከጻፈ ያኔ የበደላት ጋዜጣው ነው። ዛሬ ግድግዳው ያንተ ነው። አንተ ለምን ትደግመዋለህ?»

ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። እኔም ቀጠልኩ። «እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለተሳለው ሁሉ ስም ይጻፋል። ሥዕሉን ያሠራው ሰውም ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ይሳላል፣ ስሙም ይጻፍለታል። ሰይጣን እንኳ አጠገቡ ሰይጣን ተብሎ ተጽፎለታል። አንተ ለዚህች ልጅ ከሰይጣን ያነሰ ነው የሰጠሃት።»

ሜላት «ይሄንንም ልበለው?» አለችኝ።

«እንደወረደ በይው።»

አለችው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈተ፣ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ተነጋገረ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆመናል። ዳንኤል ጉልበቱ ታማሚ ነው፤ ሲነቃነቅ አየሁት፤ ጌታቸው ምንም ሳይናገር ትከሻውን አስጠጋለት፣ ዳንኤልም ተደገፈበት።

በመጨረሻ ሰውዬው «የምታውቃት ሰው ቀርባ ከተናገረች ልንቀዳው እንችላለን። ያ እንደ ማስረጃ ይያዛል። ነገ ከመክፈታችን በፊት ልጇን ልታመጧት ትችላላችሁ?» አለ።

ዳንኤል «ይሄ እሺ ነው ወይስ እምቢ?» ብሎ ጠየቀ።

ጌታቸው «ግማሽ እሺ ነው» አለ። ይህን ብሎ የዳንኤልን ጉልበት አየና በአንዱ ወንበር ክንድ ላይ በግማሽ አስቀመጠው።

በደስታ ተመለስን። ሚስ ሎሬታ ካርቶን ታስራለች። ስነግራት ማሰሪያውን አስቀመጠች።

«ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እናቴ ከእነዚያ ሰዎች ምንም ለምና አታውቅም። አንቺ በአራተኛ ቀንሽ ሄደሽ ለመንሽላት።»

«አልለመንኩም። ቆምኩላት እንጂ» አልኩ። እውነት ነው። ግን ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ ሽማግሌ መሆን እኛም አገር ነውር ነው፤ ይህንን ከሚያውቁት አንዷ ነኝ፣ በሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ሆኛለሁና። ፎቶውንም ሳላስፈቅዳት ነው ያሳየሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ጎንበስ ብዬ። እሷ በሩን ዘጋችው፤ በኃይል አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው። እሱ ይብሳል።

ሰናይት ከሥራ ስትመለስ አኩርፌ አገኘችኝ። «እማዬ፣ ገና ሳምንት ሳይሞላሽ ከሰፈሩ ጋር ተጣላሽ?» አለችኝ።

«ከሰፈሩ አይደለም። ከአንዷ ነው፤ ያውም ልክ ከሆነችው ጋር።»

ቅዳሜ

ጠዋት ወደ ታች አልወረድኩም። ደመናው ከባሕሩ በኩል መጥቶ ዘንባባዎቹን አንገታቸው ድረስ ሸፍኗቸዋል፤ ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት የለም። ፀሐይ ስትወጣ ሜላት ከታች ጠራችኝ። ስወርድ ሚስ ሎሬታ መኪናው አጠገብ ቆማለች። ቢጫ ቀሚስ፣ ቢጫ ባርኔጣ፣ ቀይ ከንፈር። ፎቶውን በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለች።

«ልንጠራቸው እንችላለን።»

«ጥሪያቸው። ምስክር እፈልጋለሁ። የምለምን ከሆነ እንዲያዩ፣ የማልለምን ከሆነም እንዲያዩ።»

አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወጣቶች ለማታው ይለማመዳሉ፤ ጥቁሩም ነጩም፣ ባለ ዘርፍ ቀሚስ የለበሰች፣ ሱሪውን በማንጠልጠያ የያዘ። ዘርፎቹ ሲወዛወዙ ዝናብ ያለ ውሃ የሚዘንብ ይመስላል። በፊት በር ገባን። ሚስ ሎሬታ፣ መሐላዋ ትዝ ብሏት ይሆናል፣ ደፉ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ማንም አላጣደፋትም።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገረች፣ መቅጃው ፊት። ሜላት ለእኛ በጆሯችን ትተረጉማለች። ኦፓል ቀሚሱን ራሷ እንደሰፋችው፣ ዘርፉ ከመጋረጃ እንደተወሰደ፣ አንድ ምሽት የጫማዋ ተረከዝ ወልቆ በአንድ ጫማ ዳንሷን እንደጨረሰች፣ ሰዉም አዲስ ዳንስ መስሎት እንዳጨበጨበ። ሲኒማ ላይ ስትሠራ ሁልጊዜ ገረድ አድርገው እንደሚያሠሯት፤ እሷም ትሪውን ስታመጣ በዳንስ እርምጃ እንደምታመጣው። ኃላፊው መጠየቁን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ጌታቸው መሀረቡን አወጣ፤ ዳንኤል አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ሰውዬው ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ይዟል፣ እንደ ሌሎቹ ዓይነት፣ በዚያው ፊደል የታተመ። «አንዲት ዳንሰኛ» የሚለውን አንስቶ እሱን ለጠፈ። ሜላት አነበበችልን። «ኦፓል ግሬይ፣ ዳንሰኛ። ልጇ ሎሬታ እንደነገረችን።»

ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«እንደነገረችን የሚለው ለምን ገባ?» አልኩ። «ለሌሎቹ ጋዜጣ እንደነገረን ይላል? አይልም። እነሱ ስማቸው ተጽፎ በቃ፣ እሷ ብቻ የተጠረጠረች ትመስላለች። ወይ ለሁሉም ይጻፍ፣ ወይ ከእሷም ይነሳ።»

ሜላት ተረጎመች። ሰውዬው ቀላ፤ እውነትሽን ነው ብሎ ሰሌዳውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

ሚስ ሎሬታ የሰውዬውን እጅ ያዘችው።

«ይቆይ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ለእነሱ ጋዜጣ መሰከረላቸው። ለእናቴ እኔ መሰከርኩላት። ይሄ ማሳነስ አይደለም፣ ሚስ ዘነበች። በዚህ ግድግዳ ላይ ከእሷ በቀር ከልጁ ጋር የተጻፈ አንድም ሰው የለም። ተመልከቺ።»

ተመለከትኩ። እኔ የእንግሊዝኛ ፊደል እየለቀምኩ ነው የማነበው፤ ያውም መነጽሬን ቤት ትቻለሁ። እሷ ገባት። ጣቴን ያዘችና ሰሌዳው ላይ አኖረችው፣ መጀመሪያ ከላይኛው መስመር፣ ቀጥሎ ከታችኛው።

«ይህች እሷ ናት» አለችኝ። «ይህች ደግሞ እኔ ነኝ።»